አንድ ወጥ ማንገቻ

ሴትዮዋ ወደ ዳኜ ሱቅ የመጣችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ላይ የጠላቂዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ማየት ብዙ ሰውን ግር ይላል፤ ባሕሩ የት አለና። ዳኜ ግን ደንበኛ አጥቶ አያውቅም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ገብተው የሚጠልቁ አሉ፤ ሰምጦ የቀረ ሰው የሚያወጡ አሉ፤ ጉድጓድ ገብተው ፓምፕ የሚፈቱ አሉ። ጓሮው ውስጥ ስድስት ሜትር የሚጠልቅ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ አለ። ዕቃውን የሚሞክረው እዚያ ነው።

ታፔላው ላይ ከዳኜ ስም ጎን አንድ ስም በቀለም ተደፍኗል። ኑሕ ይባል ነበር። ሱቁን አብረው ከፈቱት፣ ኋላ ተጣሉ፣ እዚሁ በር ላይ በቡጢ ተነራረቱ፣ ታረቁ። በታረቁ በሳምንቱ ሐይቅ አብረው ገቡና ዳኜ ብቻውን ወጣ። ቀብሩ ላይ ቃሬዛውን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ሲነፋረቅ ያላየው ሰው የለም፤ የሟች ሚስት እንኳ ከጅዳ አልደረሰችም። እንባ ለዳኜ ቅርቡ ነው።

ሴትዮዋ «ሀያም እባላለሁ» አለች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አንድ የፊት ጥርሷ ተሰብሯል። ዳኜ ማን እንዳደረገው አልጠየቀም። መጀመሪያ ባሏን ጠረጠረ፣ ወዲያው ደግሞ እርግጠኛ ሆነ። እንዲህ ነው ጠባዩ።

«ለወንድ የሚሆን ነው» አለች። «ጀርባ ላይ የሚታሰረውን ብረት፣ ማንገቻውን፣ ክንፉንም።»

«ለባልሽ?»

«ስለ ባሌ ነው የመጣሁት።»

ዳኜ ሁለት ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ አሉሚኒየም፣ አንዱ የማይዝግ ብረት። ጠላቂ ይህን ጀርባው ላይ አስሮ የአየር ሲሊንደሩንና ክንፉን ይጭንበታል። ክንፍ የሚሉት አየር የሚሞላ ከረጢት ነው። ሲነፋ ሰውን ያንሳፍፋል፣ ሲተነፍስ ያሰምጣል።

«የቱ ይሻላል?»

«ለሐይቅ ቀላሉ። ከባዱ፣ ክንፉ እምቢ ካለ፣ ሰውዬውን ይዞት ነው የሚወርደው።»

«ከባዱን ስጠኝ።»

ዳኜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ማንገቻውስ?»

«ይሄኛው ባንድ ጠቅታ ይፈታል። ያኛው አንድ ወጥ ነው፤ ትከሻው ላይ መፍቻ የለውም፣ ወገቡ ላይ አንድ ዘለበት ብቻ። ባለሙያዎች እሱን ይወዳሉ። ግን በሰውዬው ልክ መሰፋት አለበት። ጠበቅ ተደርጎ ከተሰፋ ደግሞ... እ... ብቻውን አያወልቀውም።»

«አንድ ወጡን። ልኩን አመጣለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክንፉ ውሃ ውስጥ ቢቀደድ፣ ሰው ምን ይላል?»

ደግ ሰው ቢሆን «ተይ እህቴ» ይል ነበር። ዳኜ ግን ደስ አለው። የሌላ ሰው ክፋት ሲያይ የራሱ ይቀልለዋል።

«ድንጋይ ቀደደው ይላል። ብሏልም።»

«የተቀደደው በቢላ ቢሆንስ?»

«መርማሪ ምን ያውቃል? ልብ ካላየ ዓይን አያይም።»

ሀያም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። ቆይታ የለበሰውን ጥልፍ ሸሚዝ ተመለከተች።

«ያምራል። ማን ሰፋልህ?»

«መሸሻ ነው፣ ሽሮ ሜዳ» አለ ዳኜ፣ ደረቱን እየነፋ።

ሐሙስ ተመልሳ መጣች። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጠችው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ጠመኔ የነካው። «ልብስ ሰፊ ነው የለካው» አለች። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ሁሉም አለ። የግራው ትከሻ ከቀኙ በሁለት ጣት ያንሳል።

«ሰውዬሽ ዘመም ይላል እንዴ?»

«ከብዶት ይሆናል።»

ዳኜ ከልቡ ሠራው። ካለው ሁሉ ትንሹን ክንፍ መረጠ፣ ያን ብረት የማያነሳውን። የወገቡን ዘለበት ጥርሶች፣ ማንም ሳያዘው፣ በሞረድ አሾላቸው፤ አንዴ ከነከሰ እንዳይለቅ። ሀያም አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።

«ይሰቃያል?» አለች።

«አራት ደቂቃ። ጉሮሮውን ይቧጥጣል። ከዚያ እግርሽን ይይዝሻል፣ አይለቅም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መስበር ነው፤ ሌላ መላ የለውም።»

ሀያም ወደ በሩ ሮጣ አስመለሳት። ዳኜ ውሃ ሰጣት፤ ሴት ናት፣ መጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ትለምደዋለች ብሎ።

ቅዳሜ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር መጣች። ግዙፎች ናቸው። ዳኜ ሲያያቸው ፈገግ አለ፤ ባልየውን የሚይዙት እነሱ መሆናቸው ነው። ለዚያ ምስኪን ቅንጣት አላዘነለትም።

«ጓሮው ብርሃን አለው፣ እዚያ ልየው» አለች። «ሰው ላይ። ወንድሞቼን አይበቃቸውም፣ አንተ ልበሰው።»

ዳኜ ዕቃውን ማሳየት ይወዳል። ጓሮ እንደወጡ ቀኝ እጁን አስገባ፣ ግራውን አስገባ፣ በእግሮቹ መሃል የሚያልፈውን ቀበቶ ስቦ ከወገቡ ጋር አጋጠመ። ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ነከሰ። ብረቱ ጀርባው ላይ ተለጠፈ።

«ጠበቀ?»

«ልክክ ብሏል! ጣት አያስገባም» አለ፣ በሥራው እየኮራ። የግራውን ማንገቻ ሳብ አደረገው። እሱም አልላላም። ሁለት ጣት ዝቅ ያለውን ግራ ትከሻውን አየ፤ ሲሊንደር ከወደቀበት ወዲህ ሸክም የማይችለውን ትከሻውን።

አንደኛው ወንድሟ የግቢውን በር ቀረቀረ። ሌላው የጉድጓዱን ክዳን አነሳ። ዳኜ ዘለበቱን በሁለት እጁ ታገለ፤ ጥርሶቹ ጣቱን ሸረከቱት እንጂ አልለቀቁም። ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል አፉ ላይ በቡጢ አሉት። ተንበረከከ። እየጎተቱ ጉድጓዱ አፍ አደረሱት።

«ባልሽ...» አለ ዳኜ ደምና ጥርስ እየተፋ፣ «ባልሽ ማነው?»

«ኑሕ» አለች ሀያም።