የመንጋጋ ዕረፍት

መንጋጋዬ የወለቀው በአለቃዬ ቀልድ ስስቅ ነው። የሰካራሙን ዝንጀሮ ቀልድ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መቶ ጊዜ ሳልሰማት አልቀርም። ቢሆንም እንደ ልማዴ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ፣ አፌን እስከ ጆሮዬ ከፍቼ ሳቅሁ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ሐኪሟ መንጋጋዬን ከመለሰችልኝ በኋላ የራጅ ፎቶውን አሳየችኝ።

«መገጣጠሚያው ላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልም አጥንት ተበልቷል» አለች። «ሴሎቹ ሞተዋል፤ የሞተው ደግሞ አይተካም። ጫት ይቅማሉ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ማስቲካስ?»

«አላኝክም።»

«ታዲያ ይህን መንጋጋ ምን ሲሠሩበት ነው የኖሩት?»

«የደረጃ ዕድገት» ልላት ነበር፤ አፈርሁ።

ለአንድ ወር እንዳልስቅ በወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም መትታ ሰጠችኝ።

ሰኞ ዕለት ዝንጀሮው ተመልሶ መጣ። ቢሮው በሳቅ ሲናጋ እኔ ብቻ እንደ ለቀስተኛ ኩምትር ብዬ ተቀመጥሁ። አለቃዬ አዩኝ። «ተከተለኝ» ብለው ክፍላቸው አስገቡኝና በሩን ዘጉት። አለቀልኝ ብዬ ወረቀቱን በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው።

አንብበው ሲጨርሱ ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡ። ያቺው ሐኪም፣ ያው ማኅተም፣ ያው ክልከላ። የእሳቸው ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ከስልኩ ውስጥ ሰካራሙ ዝንጀሮ ይሰማኛል። አለቃዬ በግራ እጃቸው መንጋጋቸውን ደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣

«ቂ ቂ ቂ! ኧረ ጌታዬ፣ በሳቅ ገደሉኝ!» አሉ።