የኮረብታው አናት

ኦርቪል በጠበቃው ቢሮ እርሳሱን ይዞ የመሬቱ ካርታ ላይ አጎነበሰ። ግንባታ የሚከለክለው የጥበቃ ውል ከተፈረመ በሞንታና ያለው የከብት ማርቢያ መሬቱ ለዘለዓለም ክፍት ግጦሽ ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ ቤት የሚፈቀደው ካርታው ላይ በሚከባት አንዲት ቦታ ብቻ ነው። የመሬቱ ግማሽ ግን የልጁ የሎርና ድርሻ ነው፤ እሷ ካልፈረመች ውል የለም። ሎርና እጇን አጣምራ በሩን ተደግፋለች።

«ከዚህ ሁሉ አገር ለእኔ የተረፈችኝ አንዲት ክብ ናት?» አለች። «እሷም በእርሳስ!»

 ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ ሲሳሳለት የኖረውን የኮረብታ አናት ከበበላት። ሎርና መጥታ ላጲሱን አነሳችና ክቧን ፋቀቻት። ኦርቪል ካርታውን ልትቀድደው ነው ብሎ በመዳፉ ተጫነው። እሷ ግን እጁን ገፋ አድርጋ ከታች፣ ከበረቱ ጎን ከበበች።

«ምነው ልጄ? ከላይ ሆነሽ እኮ ሸለቆው በሙሉ ይታይሻል።»

«ሸለቆውስ? ዕድሜ ልኩን የእኔን ቤት ሲያይ ይኑር?» አለችና የጠበቃውን እስክሪብቶ ነጠቀች።