ስማቸው የጠፋባቸው ድምፆች

ከደጅ ጀምሮ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ፋን ጩኸት ነበር። «ጭቃ የያዘው ትራክተር ቤትህ አስገባህ እንዴ?» አሉት እትዬ የዓለምወርቅ፣ ከድንበሯ ከተማ ከሸሕዲ ሙቀት ወደ ክፍሉ እየገቡ። የልጃቸው ጓደኛ ሳቅ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ለአሮጌው ኮምፒውተር ሜሞሪ ጨምሮለት፣ የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ ከእሱ ዘፈን እንዲወስድ አዲስ የሰርቨር ፕሮግራም ሲሞክርበት ሰንብቷል። እሳቸው ግን የመጡት እንደ ሌላው እሑድ፣ ሱዳን ተሻግሮ የቀረው ልጃቸው ለይኩን ቀድቶላቸው የሄደውን ድምፅ ሊሰሙ ነው።

ዝርዝሩን ሲከፍት እጁ ማውዙ ላይ ደረቀ። አዲሱ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል አያውቅም፤ በአማርኛ የጻፋቸው ስሞች በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነዋል። ለይኩን ሲሄድ የተወው ድምፅ ደግሞ ሁለት ነበር፤ አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለእሱ ለጓደኛው ብቻ፤ አሁን የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም እትዬ፣ አለ።»

አንዱን ነካው፤ ዘፈን ነበር። ሌላውን ነካው። የለይኩን ድምፅ ሲወጣ እሳቸው ፈገግ ብለው ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉ።

«ስማ ወንድሜ፣ እኔ እንደሆን አልመለስም። ለእማዬ እንዳትነግራት፤ ትጠብቀኝ።»

ሊያቆመው ተንደረደረ፤ ድምፁ ግን አልቆ ነበር።

«ድገመው» አሉት።

ደገመላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ተነሡ፤ ለእሳቸው የተቀዳውን ክፈትልኝ ሳይሉት ወጡ።