ክዳኑ ሥር የቀረችው ጠብታ

«ጨርሻለሁ አላልሽኝም እንዴ?»

«ማሞቁን ነው የጨረስኩት፣ ዶክተር። ቫይረሱ መሞቱ ገና አልተፈተሸም።»

ዶክተር ኦስማር ግን ብልቃጦቹን ከታሸገው ክፍል አስወጥቶ የቤተ ሙከራው ተራ ጠረጴዛ ላይ አስደርድሯቸዋል። ውስጣቸው ያለው ቫይረስ ከወንዙ ማዶ በትኩሳት ከወደቁ ሰዎች ደም የተገኘ ነው። ሙቀቱ ገድሎት ከሆነ ማንም ሳይሰጋ ይመራመርበታል። ተማሪዋ ፍሎር አንዱን በባዶ እጇ አንስታ ልትከፍተው አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳርፋለች። ደጅ ላይ ናሙናውን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰው ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ የሊማው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

ብልቃጦቹን ያሞቀችው የቤተ ሙከራው ባለሙያ ኔሊዳ ብልቃጡን ከፍሎር እጅ ቀስ ብላ ወሰደችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ኦስማር። «የሞተ እባብ ስትፈሪ ልትኖሪ ነው?»

«ማሞቂያው የሚያቅፈው የብልቃጡን ታችኛ ክፍል ብቻ ነው። እዚህ ጋ ይዩልኝ።» ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ክዳኑ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። «ይቺን ሙቀት አላገኛትም። ሕያው ሴሎች ላይ ጨምረናት ሴሎቹ ከተረፉ ነው ሞቷል የምንለው።»

«እስከ መቼ?»

«ሳምንት ይፈጃል።»

ኦስማር ወደ ፍሎር ዞሮ ሳቀ። «ሰማሽልኝ? እሜቴ ለአንዲት ጠብታ ሳምንት ልታስቀምጠን ነው። እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር እኮ እናቷም ገና አላገባችም ነበር።»

ፍሎር አልሳቀችም። እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች።

«ፈሪ ለዚህ ቤት አይሆንም» አለ ኦስማር፣ አሁን ሳቁን ትቶ። «ቤሌን ገበያ ውረጂና ዓሣ ጥበሺ።»

የኔሊዳ ጆሮዎች ጋሉ። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እያየች ነበር የተናገረችው።

«እንግዲያው እርስዎ ይክፈቱት፣ ዶክተር።»

ብልቃጡን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ኦስማር ክዳኑን በሁለት ጣቱ ያዘ። ጠብታዋ ተንቀጠቀጠች፣ ግን አልወደቀችም።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ» አለ።

«እሺ።»

ከዚያ ዶክተር ኦስማር ብልቃጡን መልሶ አስቀመጠና፣ ማንንም ሳያይ፣ ከሳጥኑ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ።