የስሙ ገመድ

«ስልሳ ሺ ብር» ይላል ስልኩ። ቤቴል ስፒከር ላይ አድርጋ ከማር ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች።

ከኋላዋ ሦስት መቶ ጠርሙስ ማር ተደርድሯል። ሁሉም ላይ «ጂንካማር ዶት ኮም» የሚል ስቲከር አለ። የድረ ገጹ ስም በሌላ ሰው የተያዘ መሆኑን ያወቀችው ካሳተመች በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል ማሩን ወዶታል፤ አድራሻውን ሲከፍት ግን «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ጽሑፍና የአቶ ሰማኸኝን ስልክ ቁጥር አገኘ። እስከ ሰኞ ካላስተካከለች ከሌላ ሊገዛ ነው። አሁን ከሐዋሳ ዋጋ የሚጠራላት ያው አቶ ሰማኸኝ ነው።

ያላት አሥራ አምስት ሺ ነው። እና ጋሼ ዶላሞ።

ዶላሞ ሠላሳ ዓመት በቅዳሜ ገበያ ከብት ያሻሻጠ ደላላ ነው። ኢንተርኔት ከፍቶ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ጠጋ ብሎ ስለ ስሙ በሹክሹክታ ይጠይቃታል። ይቀለባል? በየዓመቱ ይከፈልበታል። ስንት ዓመት ቀለበው? ዘጠኝ። ይታለባል? ባዶ ገጽ ነው።

የማትታለብ ላም ዘጠኝ ዓመት የሚቀልብ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ያልተናገረው ነገር አለ። ድምፁ ደግሞ የሞኝ አይመስልም።

ዶላሞ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጤና ይጠይቃል፤ የልጆቹን፤ የሐዋሳን ዝናብ። የቤቴል ካርድ ይቆጥራል። ዋጋ የሚባል ነገር ተረስቷል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስም ለአንተ ምንህ ነው?»

ኔትወርክ የሄደ መስሏት ልታነሳው ስትል ሰውየው ይጀምራል። እሱም ድሮ ጂንካ ማር ነግዶ ከስሯል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው በዚያ ስም የከፈተው ኢሜይል ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ ናይሮቢ ያለች እህቱም የሚጽፉለት በሱ ነው። ለሽያጭ ያወጣው ሚስቱ የዓመቱን ክፍያ ስላየችበት ነው። ስልሳ ሺ ያለው ደግሞ እንዳይሸጥ ብሎ ነው።

የዶላሞ ፊት ይፈታል። እሱ ባሻሻጠው ከብት ሁሉ ሻጩ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ላሟ ትሄዳለች፣ ገመዱ ቤት ይገባል። ስልኩን በመዳፉ ይሸፍናል።

«ገመዱ ይፈታል?»

ቤቴል አፍታ ታስብና እጁን ከስልኩ ላይ ታነሳለች።

«ጋሼ ሰማኸኝ፣ ስሙን እኔ ልውሰደው፤ ኢሜይልዎ እንዳለ ይቆያል። የዓመቱንም እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«ደብዳቤዬን ልታነቢ?»

«እኔ የራሴንም አንብቤ አልጨርስ።»

ሰውየው ይስቃል። ስንት እንዳላት ይጠይቃል፤ ትነግረዋለች።

«ማር ጨምሪበት። ለባለቤቴ።»

ዶላሞ የቤቴልን ቀኝ እጅ ይይዛል። ገበያ ቢሆን በሌላ እጁ የሻጩን ጎትቶ መዳፍ ለመዳፍ ያጋጫቸው ነበር፤ ሽያጭ የሚጸናው በሱ ነው። ሻጩ ግን ሐዋሳ ነው። እጇን እንደያዘ ግራ ገብቶት ይቆማል፤ ከዚያ መዳፏን አንስቶ ስልኩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርገዋል።

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ፣ ወዲያ ማዶ፣ ሐዋሳ፣ አንድ መዳፍ እንጨት ላይ ያርፋል።