ፊርማው የቆመበት ገጽ

«ይገዝቱልኝ አባቴ! እዚሁ ፊቴ ላይ ይገዝቱልኝ!»

አልጣሽ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ውጭ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል። የጎንደሩ ሚኒባስ ከደባርቅ መናኸሪያ ሊወጣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ልጇ ናዝራዊት ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች እናቷንና የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረ ሚካኤልን በተራ ታያለች።

ጥፋቱ የራሷ የናዝራዊት ነው። ኬንያ አብራሪነት ስትማር የሞላችውን የበረራ መዝገብ ማለዳ አውጥታ ለእናቷ ባታሳይ ኖሮ ይሄኔ መንገድ ላይ ነበረች። አልጣሽ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ግን ሠላሳ ዓመት የመሪጌታ ሚስት ሆና ኖራለችና የመምህር ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። በየመስመሩ ዳር ያለውን የመምህሩን ፊርማ በጣቷ ስትከተል ቆይታ አንድ ገጽ ላይ ድርቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የልጇ ፊርማ ብቻ ነው።

«መምህርሽስ?»

«ፈቃዱን ካገኘሁ ወዲህ መምህር የለም እማ። ብቻዬን ነው የምበረው።»

አልጣሽ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከልጇ ጎን ሁልጊዜ አስተማሪ የሚቀመጥ መስሏት ነበር። «የፈሩት ይደርሳል!» ብላ ነጠላዋን በወጉ ሳታጣፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች፤ መምሬንም እያጣደፈች ይዛ መጣች።

«ፈቃድ ካለሽ ምን ቀረሽ ልጄ?» አሉ መምሬ።

«የኬንያው ፈቃድ ለራሴ እንድበር ነው እንጂ በደሞዝ ሰው እንድጭን አያበቃኝም አባ። ሁለት መቶ ሰዓት መብረር አለብኝ፤ ያለኝ ሰባ አራት ነው። ደቡብ አፍሪካ ፈቃዴን ተቀብለውልኛል፤ ትንሽ አውሮፕላን እየተከራየሁ የጎደለውን እዚያ እሞላለሁ። የተቀበሉልኝ ግን እስከ ሰኔ ብቻ ነው።»

«ብቻሽን?» አሉ መምሬ።

«ብቻዬን።»

«ሰሙ አባቴ? ዓይኗን በጨው አጥባ እኮ ነው የምትናገረው!»

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። የነፍስ አባት ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ግዝት ያፈረሰ ከቁርባን ይለያል፣ ሲሞትም የሚፈታው ቄስ አያገኝም። ናዝራዊት ፈራች። ከዚያ በመፍራቷ ተናደደች።

«ይገዝቱኝ አባ። ግን አፈርሰዋለሁ። መስቀልዎን እሳለማለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ባጃጁ ላይ እወጣለሁ። ከቁርባን የምለየው እኔ ነኝ፤ የለዩኝ ግን እርስዎ ይሆናሉ።»

ከአፏ የወጣው ራሷንም አስደነገጣት፤ ቢሆንም አንዱንም ቃል አላጠፈችም።

መምሬ መስቀሉን እንደያዙ ወደ እሷ ቀረብ አሉ። «እዚያ ላይ ብቻሽን ስትሆኚ ትጸልያለሽ?»

ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ ብትል ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ታውቃለች።

«ፍጥነት፣ ከፍታ፣ ነዳጅ ነው የምለው አባ። ጸሎቱ ከወረድኩ በኋላ ነው።»

የመምሬ ትከሻ ተነቃነቀ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልታወቀም። «አባትሽም ነፍሱን ይማረውና ለመዋሸት ሰነፍ ነበር» አሉ። ከዚያ መስቀሉን ወደ በሩ አዞሩት።

«አልጣሽ!»

«አቤት አባቴ።»

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቼሻለሁ፤ ይህች ልጅ ከዓይንሽ እስክትርቅ ድረስ አንዲት የእንባ ዘለላ እንዳታወጪ።»

የአልጣሽ እጆች ከመቃኑ ላይ ወደቁ። ናዝራዊት መስቀሉን ተሳለመች፣ የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ወጣች።

ባጃጁ ሲነሳ ዞር ብላ አየች። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዓይኖቿ ሞልተው ሊፈሱ ደርሰዋል፤ እንዳይፈሱባት አገጯን ሽቅብ አንስታ፣ ሳታርገበግብ፣ ሰማዩ ላይ አፍጥጣለች።