ስብሰባው ያልወሰነው መስመር

ዋሽንግተን ስቴት የራሱ ታርታን አለው። ታርታን የስኮትላንድ ሰዎች አገርና ወገን የሚለዩበት ባለመስመር የሱፍ ጨርቅ ነው። በዋሽንግተኑ ላይ አረንጓዴው ጫካው፣ ሰማያዊው ውኃው፣ ነጩ የተራራው በረዶ ነው።

«ታዲያ እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለች ደስታነሽ፣ የምትመራው የኢትዮጵያውያን ማኅበር በፈረንጆቹ 2011 ለሲያትል የበጋ ሰልፍ ሲጋበዝ።

ደስታነሽ በተወለደችበት ጅማ አስተማሪ ነበረች፤ በዐይኗ ብቻ ስብሰባ ጸጥ ታሰኛለች። ለሰልፉ የሚሸመነው ጨርቅ ላይ እንዲገባ፣ ጠረጴዛውን እየዞረች አባላቱን የየአገራቸውን ቀለም ጠየቀቻቸው። ጎጃሜው አረንጓዴ፣ ሐረርጌው ቀይ፣ ጎንደሬዋ ነጭ፣ ወሎዬው ሰማያዊ አሉ። ጨርቁን የሚሠራው ሸማኔ መንግሥቴም፣ «የጋሞ ቢጫ ይሁን» አለ። አምስት መስመር፣ እኩል ስፋት፣ ከዚህ ወዲያ አንድ ክር አይጨመርም ተባለ። ማኅበሩ ቀደም ሲል በባንዲራ ነገር ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ስንቱን ደጅ ጠንታ፣ ስንቱን ለምና ነው መልሳ የገጠመችው።

ሰልፉ ሲቃረብ ምክትሏ ፍቅረ ሥላሴ ደወለላት።

«እትዬ፣ ጨርቁን አየሁት። ቡናማ መስመር አለበት። የመንግሥቴ ሚስት የቡና አገር ሰው፣ ሲዳማ አይደለች? ሶ፣ የሷን አገር አስገብቷላ። ኮል ባደርግለት አያነሳም።»

ደስታነሽ ፈራች፤ ተናደደችም። የአንዱ ሚስት ከገባች የሌላው አማት ደጅ ልትቀር ነው? ከምትኖርበት ቡሪየን መንግሥቴ እስካለበት ማውንትሌክ ቴራስ ድረስ መኪናው ሲንቀራፈፍ መሪውን በመዳፏ እየመታች፣ የምትናገረውን እየደጋገመች ነዳች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አለች ለራሷ።

መንግሥቴን ጋራዡ ውስጥ ሲሸምን አገኘችው። ጨርቁ ተወጥሯል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። በመካከሉ ቡናማው ተጋድሟል። ዐይኗ ከዚያ አልነቀል አለ።

«ይኼን ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ተርትረህ አውጣው። ለሚስትህ ብለህ ማኅበር አታፈርስም።»

«የሚስቴ አገር አይደለም እኮ፣ እትዬ።»

«የማን ነው ታዲያ? ሁሉንም አንድ በአንድ ስጠይቅ አልነበርክም?»

መንግሥቴ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ጅማን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ቦታ ሲጠበኝ ቢጫዬን አወጣሁላት።»